ሦስት ቆጣሪ በአንድ ብሎግ፦ የትኛው ያዘገያል? የትኛውስ ይበቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በዎርድፕረስ የተሠራ ብሎግ አለኝ። ሆስቲንጉ ከሌሎች ጋር የምጋራው ርካሽ ዓይነት ነው፤ በቀን ወደ 3,000 የገጽ እይታ አለኝ። ጉግል አናሊቲክስን በሳይት ኪት (በጉግል የዎርድፕረስ ፕለጊን) አገናኝቻለሁ፤ በተጨማሪ ደብልዩፒ ስታቲስቲክስና ጄትፓክ ጭኛለሁ። የሦስቱ ቁጥር አይገናኝም፤ ብሎጉም በስልክ ሲከፈት እየዘገየ መጥቷል። ከሦስቱ ፈጣኑና ትክክለኛው የትኛው ነው? ወይስ የተሻለ ሌላ አለ?»

«ፈጣኑ የትኛው ነው» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ምክንያቱም የቆጠራ ሸክም የሚወድቀው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ነው። አንዱ የጎብኚው ስልክ ነው፤ ስክሪፕት ያወርዳል፣ ያስኬዳል፣ መረጃ ይልካል። ሌላው የእርስዎ ሰርቨር ነው፤ መረጃውን ይቀበላል፣ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ሪፖርት ያወጣል። ጉግል አናሊቲክስ ሰርቨርዎን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ስልኩን ግን ይጫነዋል። ደብልዩፒ ስታቲስቲክስ በተቃራኒው ለስልኩ ቀላል ሆኖ ሥራውን ወደ ሰርቨርዎ ያመጣል። በገጽ ፍጥነት ነጥብ ብቻ የተሠራ ንጽጽር የሚያሳየው የመጀመሪያውን ወገን ነው። የእርስዎ ሆስቲንግ ጠባብ ስለሆነ ሁለተኛው ወገን እኩል ይመለከትዎታል።

ከስልኩ እንጀምር። የጉግል ታግ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ፋይል ተጨምቆም ከ100 ኪሎባይት በላይ ነው፤ ስልኩ ላይ ሲፈታ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ላይትሃውስ የተባለው መመርመሪያ የስልክ ሙከራ ሲያደርግ በሴኮንድ 1.6 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር፣ 150 ሚሊሴኮንድ የምልልስ ጊዜና በአራት እጥፍ የተዳከመ ፕሮሰሰር አለ ብሎ ያሰላል። 1.6 ሜጋቢት ማለት በሴኮንድ 200 ኪሎባይት ነው፤ ስለዚህ ይህ ፋይል ብቻውን መስመሩን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ወደ ሌላ ዶሜይን አዲስ ግንኙነት መከፈት አለበት፦ አድራሻውን ለማግኘት አንድ ምልልስ፣ ግንኙነቱን ለመመሥረት ሌላ፣ ምስጠራውን ለማጽደቅ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ። በ150 ሚሊሴኮንድ ሲሰላ ፋይሉ ገና ሳይጠየቅ 450 ሚሊሴኮንድ አለፈ ማለት ነው። ከራስዎ ዶሜይን የሚመጣ ስክሪፕት ግን ገጹን ባመጣው ግንኙነት ላይ ስለሚጓዝ ይህ ወጪ የለበትም።

እዚህ ላይ በስፋት የሚነገር አንድ ስህተት አለ። «ስክሪፕቱ አሲንክ ተደርጎ ስለሚጫን ገጹን አያዘገይም» ይባላል። አሲንክ የሚያደርገው ፋይሉ እየወረደ ሳለ ብራውዘሩ ገጹን ማንበቡን እንዳያቆም ነው። ከወረደ በኋላ ግን ኮዱ የሚተረጎመውና የሚሠራው የገጹን ሥዕልና የጎብኚውን ንክኪ በሚያስተናግደው በዚያው ዋና የሥራ መስመር ላይ ነው። ከ50 ሚሊሴኮንድ በላይ የሚወስድ ማንኛውም ሥራ ያንን መስመር ይዘጋዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሜኑ የነካ ሰው መልስ ሳያገኝ ይቆያል። ጉግል ከማርች 2024 ጀምሮ ከዋና ዋና የገጽ ጥራት መለኪያዎቹ አንዱ ያደረገው አይኤንፒ የሚለካው ይህንኑ የንክኪ ምላሽ ነው፤ ጥሩ የሚባለው እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ነው። በአዲስ ስልክ የማይታወቅ ነገር በአራት ዓመት ስልክ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ስለዚህ በራስዎ ኮምፒውተር ከፍተው «ፈጣን ነው» ብለው አይደምድሙ።

ሳይት ኪትን በተመለከተ፣ ጥፋተኛው ፕለጊኑ አይደለም። ሳይት ኪት ለጎብኚው የሚያደርሰው የጉግልን ታግ ብቻ ነው፤ ሪፖርቱን ከጉግል የሚያመጣው እርስዎ አስተዳደር ውስጥ ሆነው ሲከፍቱት ነው። ስለዚህ ሳይት ኪትን አጥፍቶ ኮዱን በእጅ ቴሙ (የብሎጉ ገጽታ ፋይሎች) ውስጥ መለጠፍ ለጎብኚው ምንም ፍጥነት አይጨምርለትም። ሞንስተር ኢንሳይትስ የተባለው ሌላ ፕለጊንም መረጃውን የሚልከው ወደዚያው ጉግል ነው፤ በላዩ ላይ የሊንክ ንክኪና የፋይል ማውረድ የሚከታተል የራሱን ስክሪፕት ይጨምራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ መረጃውን አያበለጽገውም፤ ሁለቱም ታጉን ካወጡት እያንዳንዱ እይታ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የጄትፓክ ቆጠራ ደግሞ ለስልኩ ቀላል ነው፤ ስክሪፕቱ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፣ መረጃውም የሚቀመጠው በዎርድፕረስ ዶት ኮም ሰርቨሮች ላይ ነው። ክብደቱ ያለው በዙሪያው ባሉት የጄትፓክ ሌሎች ክፍሎች ላይ ነው፤ ለቆጠራ ብለው ጭነው የማይጠቀሙባቸውን ክፍሎች ሁሉ ክፍት ትተው ከሆነ የሚከፍሉት ለእነርሱ ነው።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። በተጋራ ሆስቲንግ ላይ ያለ የዎርድፕረስ ብሎግ ሕይወቱ ካሽ፣ ማለትም ቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የገጽ ቅጂ ነው። ካሽ የተደረገ ገጽ ሲጠየቅ ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት የሰርቨር ቋንቋ) አይነሳም፣ ዳታቤዝ አይከፈትም፤ የተዘጋጀው ፋይል በጥቂት ሚሊሴኮንድ ይላካል። አንድ የቆጠራ ፕለጊን በእያንዳንዱ እይታ ወደ ሰርቨርዎ ጥሪ ሲልክና ጥሪው በአድሚን-ኤጃክስ ወይም በሬስት ኤፒአይ፣ ማለትም በዎርድፕረስ የራሱ የጥሪ መቀበያዎች በኩል ሲገባ ግን፣ አንድን ቁጥር ለመጨመር ብቻ ዎርድፕረስ ከነፕለጊኖቹ ሁሉ ከእንቅልፉ ይነሳል። ገጹን ከካሽ በመላክ ያዳኑትን ጉልበት በጓሮ በር መልሰው ያወጡታል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ሆስቲንግዎ በአንድ ጊዜ አራት የፒኤችፒ ሠራተኞችን (እያንዳንዳቸው አንድ ጥሪ የሚያስተናግዱ የሰርቨር ሂደቶችን) ብቻ ይፈቅዳል እንበል፤ አንድ እንዲህ ያለ ጥሪ ደግሞ 400 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። አራቱ ሠራተኞች በሴኮንድ ማስተናገድ የሚችሉት 10 ጥሪ ነው። አንድ ጽሑፍዎ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ በሴኮንድ 15 ሰው ቢገባ፣ ገጾቹ ከካሽ ቢላኩም ቆጠራው ብቻውን ወረፋ ይፈጥራል፤ ወረፋው ሲሞላ አስተያየት የሚጽፍ ሰውም፣ ወደ አስተዳደር የሚገቡ እርስዎም፣ ካሽ ያልተደረገ ገጽ የጠየቀ ጎብኚም 503 ወይም 504 የሚል የስህተት ገጽ ይገጥማችኋል። በሌላ በኩል፣ በቀን 3,000 እይታ በአማካይ በ29 ሴኮንድ አንድ ጥሪ ነው፤ በተራ ቀን ይህን የትኛውም ሰርቨር ይሸከመዋል። ችግሩ የሚመጣው ብሎግዎ በሚነበብበት በዚያው ሰዓት ነው፤ ፕለጊኖች ሲወዳደሩም መታየት ያለበት ያ ሰዓት ነው።

ከዚህ ወረፋ የሚያመልጡ ፕለጊኖች አሉ። ኮኮ አናሊቲክስ ዎርድፕረስን ጨርሶ ሳይቀሰቅስ ጥሪውን የሚቀበል የራሱ ትንሽ የፒኤችፒ ፋይል አለው፤ የመጣውን እይታ ጊዜያዊ ፋይል ጫፍ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ በየተወሰነ ጊዜ ሰብስቦ ወደ ዳታቤዝ ያስገባዋል። በርስት ስታቲስቲክስም ለጥሪው የተለየ መቀበያ ፋይል ይጠቀማል። አንድ ፕለጊን በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለማወቅ የማስተዋወቂያ ገጹን ማመን አያስፈልግም፦ በክሮም የገንቢ መሣሪያዎች ውስጥ የኔትወርክን ክፍል ከፍተው ገጹን ያድሱ፣ የቆጠራውን ጥሪ ያግኙና የሰርቨሩን የመልስ ጊዜ ይመልከቱ። ከአንድ ተራ ምስል የመልስ ጊዜ ብዙም የማይርቅ ከሆነ ዎርድፕረስን አልፎ እየሄደ ነው። ሦስትና አራት መቶ ሚሊሴኮንድ ካሳየ ሙሉውን ዎርድፕረስ እየጎተተ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ዳታቤዙን ነው። ከላይ የተባለው የፍጥነት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ይታያል፤ ይህኛው ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ «እየዘገየ መጥቷል» ያሉትም አንድም ከዚህ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ጉብኝት በአንድ ረድፍ የሚመዘግብ ፕለጊን በቀን 3,000 ረድፍ ካስገባ በዓመት 1,095,000 ረድፍ ይሆናል። አንዱን ረድፍ ከነማውጫው 250 ባይት ብንለው ወደ 270 ሜጋባይት ነው፤ ጽሑፎችዎ ሁሉ ተደምረው ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሱ ይሆናል። ከዚያ ባክአፕ በተፈቀደለት ጊዜ አያልቅም፣ ዳሽቦርዱ ሲከፈት የዓመቱን ግራፍ ለመሳል ሚሊዮን ረድፍ ይደመራል፣ በዚያ መሐል ዳታቤዙ ለሌላው ሥራ ይዘገያል። እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀን በአንድ ረድፍ የሚደምር ፕለጊን ግን 200 ጽሑፍ ላለው ብሎግ በዓመት ቢበዛ 73,000 ረድፍ ይጽፋል። በምላሹ የሚያጡት ነገር አለ፦ አንዴ ከተደመረ በኋላ «ከዚህ ጽሑፍ ተነስተው ወደዚያ የሄዱት ስንት ናቸው» ብለው ወደኋላ ተመልሰው መጠየቅ አይችሉም። ማቶሞ የተባለው የቆጠራ ሥርዓት ዎርድፕረስ ውስጥ ሲጫን በሌላኛው ጫፍ ይቆማል፤ ከሁሉም ሰፊ ሪፖርት ይሰጣል፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ሥርዓት ነው፣ ሪፖርቱን ለማዘጋጀት የሚሠራው የጀርባ ሥራም ማህደረ ትውስታና ጊዜ ይጠይቃል። በእርስዎ ዓይነት ሆስቲንግ ላይ አይጫኑት።

የቁጥሩ አለመገናኘት የብልሽት ምልክት አይደለም። ሦስቱ የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው። የጉግል ስክሪፕት በማስታወቂያ ማገጃዎች በስፋት ይታገዳል፤ ስለዚህ አንባቢዎችዎ ማገጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ጉግል ያሳንሳል። ስክሪፕቱ ወርዶ ሳይሠራ ገጹን የዘጋ ሰውም አይቆጠርም፤ ፋይሉ በከበደ መጠን የእነዚህ ቁጥር ይጨምራል። በፒኤችፒ የሚቆጥር ቅንብር ደግሞ ራሳቸውን ያላስተዋወቁ ቦቶችን እንደ ሰው ይይዛል፤ በዚያው ላይ ከካሽ የተላከን ገጽ አያየውም፤ ፒኤችፒ ስላልተነሳ። ስለዚህ አንድ ፕለጊን በአንድ ጊዜ ሊያበዛም ሊያሳንስም ይችላል፤ የደብልዩፒ ስታቲስቲክስ ቆጠራ ከካሽ ጋር ተስማምቶ በብራውዘር በኩል እንዲሠራ መደረጉን ቅንብሩ ውስጥ ማረጋገጥ ያለብዎት ለዚህ ነው። የራስዎን ጉብኝት አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይተዋል። የሰዓት ቀጠና በዎርድፕረስና በጉግል ለየብቻ ስለሚቀመጥ የአንዱ «ትናንት» ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ጉግልም የቀኑን ቁጥር አጣርቶ እስኪጨርስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ የዛሬን ከዛሬ ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው።

«ጎብኚ» የሚለው ቃል ደግሞ ከ«እይታ» የባሰ የላላ ነው። በኩኪ (ብራውዘሩ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ መለያ) የሚቆጥር ሥርዓት አንድን ሰው በስልክና በኮምፒውተር ቢገባ ሁለት ይለዋል። ሳፋሪ በጃቫስክሪፕት የተቀመጠን ኩኪ ከ7 ቀን በላይ አያቆይም፤ ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ የሚመለስ የአይፎን አንባቢ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ፕሎዚብል የተባለው የቆጠራ አገልግሎት ያለ ኩኪ ለመሥራት መለያውን በየቀኑ ስለሚቀይረው ዛሬና ነገ የመጣ አንድ ሰው በወሩ ድምር ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በፕለጊኖች መካከል ሲያነጻጽሩ የገጽ እይታን እንጂ የጎብኚን ቁጥር አይጠቀሙ። ከቁጥሩ ልዩነት ይልቅ ጥምርታውን ይያዙ፦ አንዱ ከሌላው 70 በመቶ ያህሉን የሚያሳይ ከሆነና ይህ ለሳምንታት ካልተለወጠ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ጥምርታው በአንድ ቀን ከተሰበረ ግን አንዱ ተበላሽቷል፤ ብዙውን ጊዜ ከቴም ለውጥ ወይም ከካሽ ቅንብር በኋላ የሚሆን ነው።

ስለ ካሽ ቅንብር ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ብዙ የፍጥነት ፕለጊኖች ጃቫስክሪፕትን ጎብኚው ስክሪኑን እስኪነካ ወይም እስኪያንሸራትት ድረስ የሚያቆይ ምርጫ አላቸው። ይህን ሲያበሩ የላይትሃውስ ነጥብዎ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ መመርመሪያው ስክሪን ስለማይነካ የጉግል ታግ ጨርሶ አይጫንበትምና። ጎብኚው ግን ሲነካ ፋይሉ ያኔውኑ ይወርዳል፣ የመጀመሪያውም ንክኪ ከዚያ ሥራ ጋር ይጋጫል። ይባስ ብሎ ከፍቶ አንብቦ ሳይነካ የወጣ ሰው ከቆጠራው ይጠፋል። በዚህ መንገድ «ፈጣን ሆነ» የተባለ ብሎግ በሚቀጥለው ሳምንት «አንባቢ ቀነሰ» ብሎ ይደነግጣል። የቆጠራ ስክሪፕትን ከዚህ ምርጫ ያስወጡት። ስክሪፕቱ ሊዘገይ የሚገባው ያህል ከባድ ከሆነ መፍትሔው በቀላል መተካት ነው።

ማንኛውንም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት ይለኩ፤ አለበለዚያ ዝግታው ከቆጠራው ይሁን ካልተጨመቀ ምስል አያውቁትም። አንድ መካከለኛ ርዝመት ያለው ጽሑፍ ይምረጡ። ምንም ማራዘሚያ የሌለበት የግል መስኮት ይክፈቱ፤ እንደ አስተዳዳሪ ገብተው ከለኩ ካሹም ቆጠራውም ሊታለፍ ስለሚችል ውጤቱ ዋጋ የለውም። ካሹን አጽድተው ገጹን አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ ካሹ እንዲሞላ። ከዚያ በላይትሃውስ የስልክ ሙከራ አምስት ጊዜ ያሂዱና በመጠን መካከለኛዋን ውጤት ይያዙ። በተመሳሳይ ገጽ ላይ ሦስት አራት ነጥብ መዋዠቅ የተለመደ ስለሆነ በአንድ ሙከራ ላይ ተመስርተው አይወስኑ። አጠቃላዩን ነጥብ ትተው ሁለት መስመር ያንብቡ፦ ዋናው ይዘት የታየበትን ጊዜ፣ ከ2.5 ሴኮንድ በታች መሆን ያለበትን፣ እና ዋናው መስመር የተዘጋበትን ድምር ጊዜ፣ ከ200 ሚሊሴኮንድ በታች መሆን ያለበትን። ቀጥለው ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ይድገሙት፤ ሁሉም ጠፍተው ያለው ውጤት የመነሻ ነጥብዎ ነው። ፕለጊኑን ማጥፋት ካልፈለጉ በክሮም የገንቢ መሣሪያዎች ውስጥ አንድን አድራሻ ማገድ ይቻላል፤ የጉግልን ታግ አግደው ሲለኩ የስልኩን ወገን ዋጋ ለብቻው ያገኙታል።

የሰርቨሩን ወገን ለማየት ኩዌሪ ሞኒተር የሚባለው ፕለጊን በአንድ ገጽ ላይ ስንት የዳታቤዝ ጥያቄ ከየትኛው ፕለጊን እንደመጣ ይዘረዝራል። ለአንድ ሰዓት ጭነው ተጠቅመው ያጥፉት፤ ራሱም ክብደት አለው። በፒኤችፒ ማይአድሚን (በሆስቲንጉ የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ) ደግሞ የሰንጠረዦቹን መጠን በትልቅነት ደርድሩት። ከላይ ከሚመጡት አምስት ውስጥ የቆጠራ ሰንጠረዥ ካለ የዝግታዎን አንድ ምክንያት አግኝተዋል።

ሁሉም ሁኔታዎች ሲታዩ ምክሬ ይህ ነው፦ ሦስቱንም ያንሱና በራስዎ ዶሜይን ላይ የሚሠራ፣ ዎርድፕረስን ሳይቀሰቅስ የሚቆጥር፣ በድምር የሚመዘግብ አንድ ፕለጊን ብቻ ይተው። በእርስዎ ሁኔታ ያ ኮኮ አናሊቲክስ ነው። በጎኑ ጉግል ሰርች ኮንሶልን ያገናኙ፤ ገጹ ላይ ምንም ስክሪፕት አይጨምርም፣ በፍለጋ የመጡ ሰዎች በምን ቃል እንደገቡ እስከ 16 ወር ወደኋላ ያሳያል። ብሎገር ከጉግል አናሊቲክስ በእውነት የሚጠቀመው ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ፦ የትኛው ጽሑፍ ተነበበ፣ ከየት መጡ፣ ምን ፈልገው መጡ።

አፈጻጸሙ ላይ ቅደም ተከተል ይጠብቁ። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ፣ ከአሮጌዎቹ ፕለጊኖችም የሚፈልጉትን ሪፖርት ወደ ፋይል ያውጡ። ኮኮን ጭነው ከአሮጌዎቹ ጋር 14 ቀን ያስኪዱት፤ ይህ ጊዜ ጥምርታውን ለማወቅ ነው፣ ያለዚያ የአምናውን ቁጥር ከዘንድሮው ጋር የሚያያይዝ ድልድይ አይኖርዎትም። በቅንብሩ ውስጥ የአስተዳዳሪና የአዘጋጅ ጉብኝት እንዳይቆጠር ያድርጉ። የተለየው መቀበያ ፋይል ሥራ ላይ መዋሉን ያረጋግጡ፤ የደኅንነት ፕለጊኖች ወይም የሆስቲንጉ ፋየርዎል የፒኤችፒ ፋይል በቀጥታ መጠራትን ሊያግዱ ይችላሉ፣ ያኔ ቆጠራው ወደ ከባዱ መንገድ ይመለሳል ወይም ይቆማል። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከቆመ ወይም ለሰዓታት ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚመረመረው የዎርድፕረስ ክሮን (በየተወሰነ ጊዜ ሥራ የሚያስኬደው ክፍል) ነው፦ ጊዜያዊ ፋይሉን ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው እርሱ ስለሆነ፣ ክሮኑ ከተዘጋ እይታዎቹ ይጠራቀማሉ እንጂ አይታዩም። በሆስቲንግ ፓነሉ በየ5 ደቂቃው የሚሠራ እውነተኛ ክሮን ማዘጋጀት ይህን ይፈታዋል።

ከ14 ቀን በኋላ ማንሳቱን ሲጀምሩ ፕለጊንን ዲአክቲቬት ማድረግ (ሥራውን ማቆም) ከመሰረዝ እንደሚለይ ይወቁ። ሰንጠረዦቹ ብዙውን ጊዜ ፕለጊኑ ከተሰረዘ በኋላም ይቀራሉ። በስማቸው ላይ ፕለጊኑን የሚጠቁም ቃል ስላለ ይለያሉ፤ ግን ባክአፑ መኖሩን ሳያረጋግጡ አንድም አይሰርዙ፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትንም ይተዉት። ሰንጠረዡን ይዘው ረድፎቹን ብቻ ከሰረዙ የዲስክ ቦታው ወዲያው አይመለስም፤ «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍተው የጉግል ታግ የቀረ እንደሆነ ይፈልጉ። ሳይት ኪት ከተነሳም በኋላ ቀድሞ ቴሙ ውስጥ በእጅ የተለጠፈ ኮድ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ካለ ቀድሞውንም እይታዎችዎ ሁለት ጊዜ እየተቆጠሩ ነበር ማለት ነው።

ምክሩ የሚለወጥባቸው ሁኔታዎች አሉ። ብሎጉ ላይ የሚሸጡት ነገር ካለ ወይም ለማስታወቂያ ገንዘብ እየከፈሉ የትኛው ማስታወቂያ ገዢ እንዳመጣ ማወቅ ካለብዎት ጉግል አናሊቲክስ ዋጋውን ይመልሳል፤ ያኔ እርሱን ብቻ ይያዙ እንጂ ኮኮን አይጨምሩበት። በዚህ ምርጫ ሁለት ነገር አይርሱ። ዝርዝር መረጃው የሚቆይበት ጊዜ መነሻው 2 ወር ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ 14 ወር ያራዝሙት፤ ወደኋላ ተመልሶ የጠፋውን አያመጣም። ከአውሮፓ ኅብረት የሚመጡ አንባቢዎች ካሉዎት ኩኪው ፈቃድ መጠየቂያ መስኮት ያስፈልገዋል፤ ያ መስኮትም የራሱ ስክሪፕት አለው፣ «እሺ» ያላለ ሰውም ከሙሉው ቆጠራ ይወጣል። የጉግልን ክብደት ሲያሰሉ ይህን አብረው ያስሉት።

ሆስቲንግዎ በጣም ጠባብ ከሆነና ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ከቻሉ ፕሎዚብል ወይም ፋዘም ይሻላሉ፤ ስክሪፕታቸው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፣ በሰርቨርዎም ላይ ምንም ሥራ አይወድቅም፤ ክፍያው ግን ከእይታ ብዛት ጋር ያድጋል፣ አንዳንድ ማገጃዎችም ያግዷቸዋል። የሰርቨር ሎግ ማንበቢያዎች፣ ለምሳሌ ኤደብልዩስታትስ፣ ጎብኚው ላይ ምንም አይጭኑም፤ ቦት ስለሚበዛባቸውና ክላውድፍሌር ከራሱ ካሽ የላከውን ገጽ ስለማያዩ ግን የአንባቢን ቁጥር ለማወቅ አልመክራቸውም። ስህተትና የቦት ጥቃት ለመለየት ጥሩ ናቸው።

ሦስቱን ካነሱ በኋላ አምስቱን ሙከራ በዚያው ጽሑፍ ላይ ይድገሙ። ዋናው መስመር የተዘጋበት ጊዜ ካልቀነሰ ዝግታው ከቆጠራው አልነበረም፤ ቀጥለው ምስሎቹን፣ የፊደል ፋይሎቹንና የቴሙን ስክሪፕቶች ይመርምሩ። የጉግል የእውነተኛ ጎብኚዎች መለኪያ የ28 ቀን ድምር ስለሆነ ለውጡ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ አንድ ወር ይጠብቁ፤ በዚያ ወር ውስጥ ሌላ ፕለጊን አይጨምሩ፣ ቴምም አይቀይሩ።